በሰሜን ዋልታ አጠገብ የነደደ ከሰል

ከኖርዌይ የብስ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ዋልታ የሚጓዝ ሰው ከመንገዱ እኩሌታ ገደማ ስቫልባርድ የሚባሉትን ደሴቶች ያገኛል፤ ከእነርሱም በታላቁ፣ በስፒትስበርገን፣ ከ78ኛው የሰሜን ኬክሮስ ጥቂት አለፍ ብሎ፣ ፊዮርድ ከሚባል፣ ባሕሩ ወደ ምድር ሰርጎ ከገባበት ዳርቻ፣ በተራሮች መካከል ሎንግየርቢየን የምትባል 2500 ያህል ነፍስ የሚኖርባት ከተማ ተቀምጣለች። በዚያ ሥፍራ መዓልትና ሌሊት እንደ ሀገራችን እኩል ተካፍለው አይፈራረቁም፤ በእኛ አቆጣጠር ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት ሁለተኛ ሳምንት ፀሐይ ከአድማስ በታች ተሰውራ ትከርማለች፤ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ደግሞ ከቶ አትጠልቅም። ስለዚህ በታኅሣሥ ወር ቀትር መሆኑን የሚናገረው ሰዓት ብቻ ነው፤ ሰማዩ ምስክርነቱን አይሰጥም፤ ውርጩም ሰው ከቤቱ ያለ መብራትና ያለ ሙቀት አንድ ሌሊት እንዲያድር የሚፈቅድ አይደለም።

በዚህ ጽልመት ውስጥ ለአርባ ዓመት ያህል ሳያቋርጥ ይፈጸም የነበረ አንድ ተግባር ነበረ። ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ በአድቬንት ሸለቆ ከሚገኝ ተራራ ላይ፣ ነዋሪዎቹ በአጭሩ «ሰባተኛው ጉድጓድ» ከሚሉት የማዕድን ሥፍራ፣ የድንጋይ ከሰል የጫነ መኪና መብራቱን አብርቶ በበረዶ በተሸፈነው ጠመዝማዛ መንገድ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ሸለቆውን ተከትሎም ከባሕሩ ዳር ወዳለው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ይደርስና ጭነቱን አራግፎ ይመለሳል። ከማመንጫው ጭስ ማውጫ ላይ ነጭ እንፋሎትና ጭስ ተቀላቅሎ ይወጣል፤ ከሥሩም ወፋፍራም ቧንቧዎች የፈላ ውኃ ይዘው፣ ምድሩ ዘወትር በረዶ ስለሆነ ሊቀበሩ አልቻሉምና በምሰሶ ላይ ተጋድመው፣ ወደ መኖሪያ ቤቶቹ፣ ወደ ትምህርት ቤቱ፣ ወደ ሐኪም ቤቱና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይዘረጋሉ። በየመስኮቱ የሚታየው ብርሃን፣ በየክፍሉ የሚሰማው ሙቀት፣ ሁሉም የዚያ የአንዱ መኪና ጭነት ፍሬ ነበር።

ይህ ማመንጫ ኖርዌይ ራሷ በድንጋይ ከሰል ታሠራው የነበረ ብቸኛው የኤሌክትሪክ ጣቢያ ሲሆን፣ በዓለም ካሉት ታላላቆቹ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ታናሽ ነው፤ ከእርሱ የሚወጣው የኤሌክትሪክ ኃይል በአሥር ሜጋ ዋት አካባቢ የሚቆጠር ነበርና፣ በእስራኤል ሀገር ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በሐዴራ ከተማ ዳር ከቆመውና ከ2500 ሜጋ ዋት በላይ ለማመንጨት ከታነጸው ጣቢያ ጎን ቢያቆሙት ሁለት መቶ ሃምሳ እጅ ያንሳል። እኔ ግን ስለ ከሰል ለመጻፍ ባሰብሁ ጊዜ ታላቁን ትቼ ታናሹን የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በታላላቆቹ ከተሞች ከሰሉ የሚቆፈረው በአንድ ሥፍራ፣ የሚነደው በሌላ ሥፍራ፣ ብርሃኑ የሚበራው በሦስተኛው ነው፤ ጭሱም ወዴት እንደ ሄደ የሚጠይቅ የለም፤ ስለዚህ መብራት የሚያበራው ሰውና ከጉድጓድ የሚወርደው ሰው በዕድሜያቸው ሙሉ አይተዋወቁም። በሎንግየርቢየን ግን ቆፋሪው፣ ነጂው፣ እሳት ጠባቂው፣ መብራት አብሪውና በጭሱ ምክንያት የሚቀልጠው በረዶ ሁሉም በአንድ ሸለቆ ውስጥ ይገናኛሉ። የከሰል ሒሳብ ገቢና ወጪው ሳይሸሸግ በአንድ ገጽ ላይ የተጻፈበት ሥፍራ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

በመጀመሪያ ከሰሉ ራሱ ምን እንደ ሆነ መመርመር ይገባል። ዛሬ ዛፍ የማይበቅልበት፣ ከመሬት ከፍ የማይል ሣርና የድንጋይ ሽበት ብቻ የሚታይበት ያ ደሴት፣ ከ60 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ረግረግ ያለበት ደን ነበር፤ ምድሩም የዛሬውን ያህል ወደ ሰሜን አልራቀም ነበር። ዕፅዋቱ በየዘመናቸው የፀሐይን ኃይል እየተቀበሉ አደጉ፤ ሲወድቁም አየር በማይገባበት ረግረግ ውስጥ ተቀብረው፣ አሸዋና ጭቃ ተጭኖባቸው፣ በግፊትና በሙቀት ብዛት ባሕርያቸው ተለውጦ ጥቁር ድንጋይ ሆኑ። እንግዲህ ከሰል ማለት የጥንት ፀሐይ መዝገብ ነው፤ ለአራት ወር ፀሐይ የማታይ ከተማ ከ60 ሚሊዮን ዓመት በፊት በወጣች ፀሐይ ትሞቅ ነበር ቢባል ግነት አይሆንም፤ የተፈጥሮ ሥርዓት እንዲሁ ነውና።

ሰዎች ይህን ድንጋይ በዚያ ማየት የጀመሩት ከጥንት ነው፤ ለገበያ ማቅረብ የጀመሩት ግን በ19ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ ሲሆን፣ ሶረን ሳካሪያሰን የተባለ የትሮምሶ ከተማ የመርከብ አለቃ በ1899 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከስፒትስበርገን ከሰል ጭኖ ወደ ኖርዌይ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ጆን መንሮ ሎንግየር የተባለ የሚሺጋን ተወላጅ አሜሪካዊ ባለ ሀብት ደሴቶቹን ለመጎብኘት መጥቶ የተራራውን ሀብት ተመለከተና በ1906 ማዕድን አስቆፈረ፣ ሠፈርም መሠረተ፤ ከተማዋም እስከ ዛሬ በስሙ ትጠራለች። በ1916 ስቶር ኖርስኬ የተባለው የኖርዌይ ኩባንያ ንብረቱን ገዝቶ ተረከበ። በ1920 በፓሪስ የተፈረመው የስቫልባርድ ውል ደሴቶቹን ለኖርዌይ ግዛት ሲያጸና የፈራሚዎቹ ሀገሮች ዜጎች ግን በእኩል መብት ሊሠሩና ሊነግዱ እንዲችሉ ፈቀደ፤ ሩሲያውያንም ባረንትስቡርግ በምትባለው መንደር የራሳቸውን ከሰል እየቆፈሩና የራሳቸውን ማመንጫ እያነደዱ የሚኖሩት በዚህ ውል መሠረት ነው። ስለዚህ በዚያ ምድር ከሰል መቆፈር ትርፍ ብቻ አልነበረም፤ ነዋሪ ያለበት ምድር ባለቤት ያለው ምድር ነውና፣ ለብዙ ዘመን ከሰሉ ለኖርዌይ ሰንደቅ ዓላማ ምሰሶ ሆኖ አገልግሏል። ብዙ ዓመት ኪሣራ እያስከተለ ሳለ መንግሥት ገንዘቡን ያፈሰሰበት ምሥጢርም ይኸው ነው።

ዋጋውን ግን የከፈሉት ቆፋሪዎቹ ናቸው። የከሰሉ ንጣፍ ቀጭን በመሆኑ በብዙ ጉድጓዶች ውስጥ ሰው ቀጥ ብሎ መቆም አይችልም ነበር፤ በጉልበቱ እየዳኸ፣ ፊቱ በጥቁር ትቢያ ተሸፍኖ፣ ከጭንቅላቱ ላይ ባሰረው መብራት ብቻ እየተመራ ይሠራ ነበር። ከሰሉ ሲቆፈር የሚለቀቀው ጋዝና ትቢያው አንድ ብልጭታ ሲያገኝ እንደ ባሩድ ይፈነዳል። በ1920 በሎንግየርቢየን የመጀመሪያው ጉድጓድ በደረሰው ፍንዳታ 26 ሰዎች ሞቱ። በኖቬምበር 1962 ደግሞ ከከተማዋ በስተ ሰሜን ምዕራብ ባለችው በኒ ኦሌሰንድ 21 ቆፋሪዎች በፍንዳታ አለቁ፤ ስለ አደጋው የተደረገው ምርመራ የመንግሥትን ቸልታ ስለ ገለጠ፣ በተከታዩ ዓመት የኖርዌይ ፓርላማ በጠቅላይ ሚኒስትሩ በኤይናር ጌርሃርድሰን መንግሥት ላይ እምነት የለንም ብሎ ድምፅ ሰጠና መንግሥቱ ወደቀ። ከዋልታ አጠገብ በጨለማ የሞቱ 21 ድሆች በዋና ከተማው ያለውን ካቢኔ ያወረዱበት ይህ ታሪክ፣ የከሰል ሠራተኛ ነፍስ በሕግ ፊት ክብደት እንዳላት ከመሰከሩት ጥቂት ታሪኮች አንዱ ስለሆነ፣ በዝምታ ሊታለፍ አይገባውም።

ጦርነትም ከተማዋን አላለፋትም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1943፣ ሻርንሆርስት የተባለው የጀርመን የጦር መርከብ ከፊዮርዱ ገብቶ ከተማዋን በመድፍ አቃጠላት፤ ሁለተኛው ጉድጓድም እሳት ተያይዞበት ጦርነቱ ካበቃ በኋላ እንኳ ለብዙ ዓመታት ከተራራው ውስጥ ሲነድ ኖረ። ከሰል በምድጃ ውስጥ ታዛዥ አገልጋይ ሲሆን በተራራ ውስጥ ግን ማንም የማያዘው እሳት መሆኑን ነዋሪዎቹ በዓይናቸው አይተዋል። ዛሬ ወደ ከተማዋ የሚደርስ እንግዳ አስቀድሞ የሚያየው ከተራራው ጥግ እስከ ወደቡ በተርታ የቆሙትን የእንጨት ምሰሶዎች ነው፤ በእነርሱ ላይ በተዘረጋው ገመድ የከሰል ባልዲዎች ተንጠልጥለው ይወርዱ ነበር። በሀገሩ ሕግ ከ1946 በፊት የተሠራ ማንኛውም የሰው እጅ ሥራ በቅርስነት የተጠበቀ በመሆኑ፣ ምሰሶዎቹን መንቀል ክልክል ነው።

አሁን ወደ ማመንጫው እንግባ። ከሰሉ ከተራገፈ በኋላ ይደቅቅና ወደ እቶኑ ይገባል፤ አየር ከሥሩ እየተነፋበት ሲነድ የእቶኑን ዙሪያ ከከበቡት ቧንቧዎች ውስጥ ያለውን ውኃ ያፈላዋል። በድስት ውስጥ የፈላ ውኃ ክዳኑን ሲያንቀጠቅጥ ያየች እመቤት ሁሉ የዚህን መሣሪያ መሠረት ታውቃለች፤ ልዩነቱ እዚህ እንፋሎቱ መውጫ ተከልክሎ ግፊቱና ሙቀቱ እጅግ ከፍ እስኪል ድረስ መታፈኑ ነው። ከዚያ በኋላ በጠባብ ቀዳዳ ተለቅቆ የተርባይኑን ክንፎች ሲመታ ተርባይኑ ይሽከረከራል፤ ከእርሱ ጋር የተያያዘው ጄነሬተርም አብሮ ሲዞር፣ ማግኔትና የመዳብ ሽቦ እርስ በርሳቸው ሲተላለፉ ኤሌክትሪክ ይወለዳል። እንግሊዛዊው ቻርልስ ፓርሰንስ በ1884 የመጀመሪያውን ለኤሌክትሪክ የሚያገለግል የእንፋሎት ተርባይን ከሠራ ወዲህ መሣሪያው ገዝፏል፣ ብረቱ ጸንቷል፣ መለኪያው ረቅቋል፤ የሥራው ሥርዓት ግን ያው ነው። የአባይን ውኃ የሚጠቀመው የህዳሴው ግድብ ተርባይንና የከሰሉ ተርባይን የሚለዩት በሚመታቸው ነገር ብቻ ነው፤ አንዱን ወንዝ ይመታዋል፣ ሁለተኛውን እንፋሎት።

ይህ ልዩነት ቀላል መስሎ ይታያል እንጂ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ነው። ወንዝ ሲወድቅ ከኃይሉ አብዛኛው ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጣል፤ ሙቀት ግን በተፈጥሮ ሕግ ሙሉ በሙሉ ወደ ሥራ አይለወጥም። ተርባይኑን ያለፈው እንፋሎት ተመልሶ ውኃ መሆን አለበትና የያዘውን ሙቀት ለባሕር ወይም ለአየር ያስረክባል፤ ስለዚህ በአሮጌ የከሰል ጣቢያ ከነደደው ከሰል ኃይል ሲሶው ብቻ ኤሌክትሪክ ሲሆን ሁለቱ እጅ በከንቱ ይባክናል፤ እጅግ የተሻሻሉት እንኳ ከእኩሌታ አይደርሱም። የሎንግየርቢየን ማመንጫ ግን በዚህ ረገድ ከብዙ ታላላቆች ይልቅ ጥበብ ነበረው፤ ሌሎች የሚጥሉትን ሙቀት እርሱ በቧንቧ ወደ ቤቶቹ ይልክ ነበርና። ብርድ ባለበት ሀገር የሚባክን ሙቀት የለም። ይህን የምጠቅሰው ከሰልን ለማመስገን ብቻ አይደለም፤ በኋላ ከሰሉን የሚተካ ነገር ሲፈለግ ችግሩ የመብራት ብቻ ሳይሆን የሙቀትም መሆኑ፣ ምናልባትም ከመብራቱ ይልቅ ሙቀቱ መክበዱ፣ ከዚህ የተነሣ ስለሆነ ነው።

እሳቱን የሚጠብቁት ሠራተኞች በተራ ቀንና ሌሊት ከመለኪያው ሰሌዳ ፊት ይቀመጡ ነበር። ሥራቸው የግፊቱን መለኪያ ማየት፣ አመዱን ማውጣት፣ ፓምፖቹን ማድመጥ ነበር፤ ልምድ ያለው ሰው ተርባይኑ መታመሙን ከመለኪያው በፊት በድምፁ ያውቃል። ከተማዋ ከሌላ ከማንም ጋር በሽቦ የማትገናኝ ደሴት ስለሆነች፣ ማመንጫው ቢቆም ከጎረቤት የሚበደሩት ኃይል የለም፤ መጠባበቂያ የናፍጣ ሞተሮች ነበሩ፣ እነርሱም ካልተነሡ ግን ቧንቧው ሁሉ ይቀዘቅዛል፣ ቤቶቹም በአጭር ጊዜ ሰው የማይኖርባቸው ይሆናሉ። ማመንጫው እያረጀ በሄደ ቁጥር ብልሽቱ እየበዛ፣ የከተማዋን ሰዎች ከደሴቲቱ ማሸሽ ቢያስፈልግ እንዴት ይደረጋል የሚለው ጥያቄ በመንግሥት ዘንድ በእውነት የተመከረበት ጉዳይ ሆነ። እኛ መብራት ሲጠፋ ሻማ እንፈልጋለን፤ በዚያ ግን መብራት ሲጠፋ መርከብና አውሮፕላን ይታሰባል።

ከዚህች ከተማ ወደ ዓለም ስናይ፣ ከሰል ለኤሌክትሪክ የዋለው ኤሌክትሪክ ራሱ ለገበያ ከቀረበበት ቀን ጀምሮ ነው። በ1882 መጀመሪያ በለንደን ሆልቦርን በሚባለው ድልድይ አጠገብ፣ በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ደግሞ በኒው ዮርክ ፐርል ጎዳና፣ የቶማስ ኤዲሰን ጣቢያዎች ከሰል እያነደዱ መብራት ማከፋፈል ጀመሩ። ያችው እንግሊዝ፣ በከሰል ጭስ በ1952 በዲሴምበር ለንደን ታፍና በጥቂት ቀን በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ከሞቱባት በኋላ አየሩን በሕግ መጠበቅ የጀመረችው ሀገር፣ የመጨረሻውን የከሰል ማመንጫዋን በሴፕቴምበር 2024 ዘጋች። ይሁን እንጂ ከሰል አልፎበታል ማለት አይቻልም፤ ዛሬም ከዓለም ኤሌክትሪክ ሲሶ ያህሉ ከእርሱ ይመነጫል፤ ከዚህም ከእኩሌታው በላይ በቻይና ይነዳል። ሕንድ ከኤሌክትሪኳ ሦስት አራተኛውን ያህል፣ ብዙ ወገኖቻችን ለእንጀራ የተሰደዱባት ደቡብ አፍሪቃ ደግሞ ከዚያም የሚበልጠውን ከከሰል ታገኛለች። የእኛ ሀገር ከዚህ ተራ ውጭ ናት፤ በጭልጋ፣ በያዩና በሌሎችም ሥፍራዎች ከሰል ቢኖራትም እስካሁን በዋናነት የሚፈልገው የሲሚንቶ ፋብሪካ ነው፤ ኤሌክትሪኳን ግን ከአባ ሳሙኤል ጀምሮ እስከ ህዳሴው ግድብ ድረስ ከወንዞቿ ቀድታለች። የኖርዌይ የብስም እንዲሁ ከውኃ የሚያበራ ነው። በውኃ ኃይል የታወቀ መንግሥት ከግዛቱ ጫፍ ላይ ብቻ ከሰል ማንደዱ፣ መርህ ከጂኦግራፊ ጋር ሲጋጭ የትኛው እንደሚያሸንፍ ያሳያል፤ በረዶ በሆነ ደሴት ላይ በክረምት የሚፈስ ወንዝ የለምና።

የከሰልን ክፉ ገጽ ለመረዳት ከባድ ሒሳብ አያሻም። አሥራ ሁለት ክብደት ካርቦን ሲነድ ሠላሳ ሁለት ክብደት ኦክስጅን ከአየሩ ይወስድና አርባ አራት ክብደት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ስለዚህ ጭሱ ከነደደው ከሰል ይልቅ ይከብዳል። የሰው ዓይን ይህን አያይም፤ የምናየው ጥቀርሻና አመድ የዕዳው ትንሹ ክፍል ነው። በከሰል ለሚመነጭ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ አንድ ኪሎ ገደማ የሚሆን ይህ የማይታይ ጋዝ ወደ ሰማይ ይወጣል፤ ወጥቶም በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት እዚያው ይቀመጣል፤ የፀሐይን ሙቀት ያስገባል፣ የምድርን ሙቀት ግን እንዳይወጣ ይይዛል። ይህም ሙቀት በዓለም ሁሉ እኩል አይከፋፈልም። ስቫልባርድ ከዓለም አማካይ ብዙ እጥፍ ፈጥኖ ከሚሞቁት ሥፍራዎች አንዱ ነው፤ ፊዮርዱ ድሮ በክረምት በበረዶ ይሸፈን ነበር፣ ዛሬ ግን ብዙ ጊዜ ክፍት ውኃ ሆኖ ይከርማል፤ ዘወትር በረዶ የሆነው ምድር ከላይ እየለሰለሰ የቤቶቹ መሠረት ይላወሳል፤ በዲሴምበር 2015 ከተራራው የተናደ በረዶ ቤቶችን ጠራርጎ ሁለት ሰዎች ገደለ።

ከሁሉም ይልቅ ኅሊናዬን የያዘው ግን ከአውሮፕላን ማረፊያው በላይ፣ ከተራራው ሆድ ውስጥ የተቆፈረው የዓለም የዘር ጎተራ ነው። ይህ ጎተራ በፌብሩዋሪ 2008 ሲከፈት ዓላማው ጦርነት፣ ድርቅ ወይም ቸልታ የየሀገሩን የአዝርዕት ዘር ቢያጠፋ ቅሬታው ከዚህ እንዲገኝ ነበር፤ ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የዘር ናሙናዎች በውስጡ አሉ። ከእነዚህም ውስጥ የሀገራችን ዘር አለ። በአዲስ አበባ ግቢ ያለው ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም የመኖ ዕፅዋት ዘሮቹን ወደዚያ ልኳል፤ በሶርያ አሌፖ አጠገብ የነበረው የደረቅ ምድር እርሻ ምርምር ማዕከልም፣ የሐበሻ ገብስና የዱረም ስንዴ ዝርያዎች ያሉበትን ስብስቡን በዚያ አስቀምጦ፣ ጦርነቱ ማዕከሉን ባፈናቀለው ጊዜ በ2015 ከጎተራው ዘር ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው እርሱ ሆነ። አባቶቻችን በየአምባው ለሺህ ዓመታት እየመረጡ ያቆዩት ገብስ ዛሬ ከዋልታው አጠገብ በተራራ ውስጥ ተኝቷል ማለት ነው።

የተራራው ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች ሦስትና አራት ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ዘሩን ለረጅም ዘመን ለማቆየት አይበቃም፤ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ መሆን አለበት፤ ይህንንም ቅዝቃዜ የሚሰጡት ማቀዝቀዣ መሣሪያዎች የሚሠሩት በከተማዋ ኤሌክትሪክ ነበር፤ የከተማዋ ኤሌክትሪክ ደግሞ ከከሰል። በ2016 መኸር ያልተለመደ ሙቀትና ዝናብ መጥቶ በጎተራው መግቢያ ዋሻ ውስጥ ውኃ ገባ፤ ዘሩ አልተነካም፤ ነገር ግን ለዘለዓለም እንዲጸና የታሰበውን መግቢያ እንደገና ማደስ ግድ ሆነ። እነሆ፣ ዘሩን ያቀዘቀዘው እሳት ዘሩን የሚጠብቀውን በረዶ ከሚያቀልጡት እሳቶች አንዱ ነበር። የዚያች ትንሽ ማመንጫ ጭስ በዓለም ጭስ ዘንድ ከጠብታ አይቆጠርም፤ በረዶውን እርሷ ብቻዋን አቀለጠችው ማለትም ግፍ ነው። ነገር ግን በአንድ ሸለቆ ውስጥ መድኃኒቱና ሕመሙ ከአንድ ምድጃ ሲወጡ ማየት፣ በየሀገሩ በታላቅ ርቀት ተለያይቶ ስለሚኖር ዓይናችን የማይገጥመውን ነገር ገልጦ ያሳያል። የጎንደርና የሸዋ ገበሬ አንድ ቀን እንኳ የድንጋይ ከሰል አላነደደም፤ የዝናቡ ወራት የሚናወጥበት ግን እርሱ ነው፤ የዘሩም ዋስትና ከሌሎች ከሰል ጋር የተያያዘው እርሱ ሳይጠየቅ ነው።

የከተማዋ ምክር ቤት ከብዙ ክርክር በኋላ ማመንጫው በ2023 ከሰል ማንደዱን እንዲያቆም ወሰነ፤ በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር፣ ረጅሙ ሌሊት ሊገባ ሲል፣ የመጨረሻው የከሰል እሳት ጠፋ። የተተካው ግን ብዙዎች እንደ ተመኙት ነፋስና ፀሐይ አይደለም፤ ከየብስ በመርከብ የሚመጣ ናፍጣ ነው። ናፍጣ ለተመሳሳይ ሙቀት ከከሰል ያነሰ ካርቦን ይለቃል፣ ሞተሩም በቶሎ ይነሣል፣ ይቆማል፤ ስለዚህ ጭሱ በእውነት ቀንሷል። ነገር ግን ከራስ ተራራ ይቆፈር የነበረው ነዳጅ በሌላ ሰው ገበያ በሚወሰን ነዳጅ ተለወጠ፤ የዩክሬን ጦርነት የነዳጅን ዋጋ ባናረበት ዘመን መሆኑም የኗሪውን ሸክም አከበደው። ሰባተኛውን ጉድጓድ በ2023 ለመዝጋት ተወስኖ የነበረው ውሳኔ ወደ 2025 የተዘዋወረው በዚያው ጦርነት ምክንያት ነው፤ ከሰሉ ግን ከዚያ ወዲያ ለከተማዋ ምድጃ ሳይሆን ለውጭ ገበያ ብቻ ነበር። በ2025 አጋማሽ ጉድጓዱ ሲዘጋ ኖርዌይ ከመቶ ዓመት በላይ በስቫልባርድ ያካሄደችው የከሰል ቁፋሮ አበቃ፤ ሩሲያውያኑ በባረንትስቡርግ እስካሁን ያነዳሉ።

በዚህ ነገር ላይ ፍርዴን ልሰውር አልፈልግም። እሳቱን ማጥፋት ይገባ ነበር፤ ያጠፉበት አኳኋን ግን የተጠናቀቀ አይደለም። ምድጃ የሚያጠፋ ሰው አስቀድሞ ሌላ ምድጃ ማዘጋጀት አለበት፤ ይህ ሕግ ለ2500 ሰዎች ከተማ ብቻ ሳይሆን፣ በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠሩ ድሆች መብራታቸውን ከከሰል ለሚያገኙባቸው ለሕንድና ለደቡብ አፍሪቃም የሚጸና ነው። ባለጸጋ ሀገር፣ ገንዘብና ጥበብ የሞላው፣ ለትንሽ ከተማ የሚሆን ምትክ ሳያበጅ ወደ ናፍጣ ከተሸጋገረ፣ ድሀውን ሀገር ለምን ዘገየህ ብሎ ለመውቀስ አንደበቱ ሊከብደው ይገባል። የሎንግየርቢየን ችግር ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ በክረምት አራት ወር ፀሐይ የለም፣ በበጋ ደግሞ ሌሊት የለም፤ የበጋውን ብርሃን ለክረምቱ የሚያቆይ ባትሪ እስካሁን አልተገኘም፤ ነፋሱም ቢኖር በዚያ ውርጭ የሚጸና መሣሪያና ነፋስ በማይነፍስበት ቀን የሚተካው ነገር ያስፈልጋል። ስለዚህ ፀሐይና ነፋስ፣ ባትሪ፣ የጥልቅ ምድር ሙቀት፣ ቤቶችን ከብርድ አጥብቆ ማሸግ፣ ሁሉም በአንድነት መታሰብ አለባቸው፤ ቤቶችን ማሸጉ ከሁሉ ይልቅ በቶሎ የሚፈጸምና ከሁሉ ይልቅ የተናቀ ይመስለኛል።

ከ1916 ጀምሮ ከሰል ሲቆፍር የኖረው ስቶር ኖርስኬ አሁን ፊቱን ወደ አዲስ ኃይል አዙሯል፤ በፊዮርዱ መግቢያ ባለው በኢስፊዮርድ ራዲዮ የቀድሞ የመገናኛ ጣቢያ ላይ የፀሐይ ሰሌዳዎች ተክሎ፣ ከባትሪና ከናፍጣ ሞተር ጋር አቀናጅቶ ያሠራል። በበጋ፣ ፀሐይ በማትጠልቅበት ወራት፣ የናፍጣው ሞተር ረጅም ሰዓት ያርፋል፤ በክረምት ግን ሰሌዳዎቹ በጨለማው ሥራ ፈትተው ሞተሩ ብቻውን ይሠራል። ሥራው ገና ጅማሬ ነው፤ ነገር ግን ከሰሉን ለመቆፈር የመጣ ኩባንያ፣ የጉድጓዱን አፍ ዘግቶ፣ በዚያው ብርድ ውስጥ የሚጸና ሌላ ኃይል ለመማር መቀመጡ፣ የተቀሩት የአርክቲክ መንደሮች፣ በአላስካና በካናዳ እስከ ዛሬ በናፍጣ ብቻ የሚኖሩት፣ በቅርብ የሚከታተሉት ሥራ ሊሆን ይገባዋል፤ የሚሳካ ከሆነ ገበያው ከስቫልባርድ እጅግ የሚሰፋ ነውና።